መድኃኒቱ በደረሰበት ምርመራውም ይድረስ

ደም በሥሩ ሲመላለስ እንዲፈስ፣ ከቁስል አፍ ሲደርስ ግን እንዲረጋ አድርጎ የሰውን ሥጋ ያበጀው የአምላክ ጥበብ እጅግ ረቂቅ ነው፤ ነገር ግን በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመሙ ሳይታከም ቀርቶ ልቡ የተጎዳ፣ ኋላም ሜካኒካል ቫልቭ የተገጠመለት ወጣት፣ በቫልቩ ላይ የረጋ ደም ወደ አንጎሉ ወጥቶ ሽባ እንዳያደርገው፣ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኩን ሊውጥ ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ያሉ ወገኖች በአገራችን ብዙዎች ናቸውና፣ መድኃኒቱን የሚያድል ሁሉ ልኩን የሚያሳየውን ምርመራም አብሮ ሊያድል ይገባዋል የምለው ስለ እነርሱ ነው።

ዋርፋሪን የዋዛ መድኃኒት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም ብሎ በማለቃቸው ከተጀመረው ምርምር ተገኝቶ፣ በ1948 ለአይጥ መግደያ፣ በ1954 ደግሞ ለሰው ፈውስ የዋለ ነው። ሥራውም ጉበት በቫይታሚን ኬ ረዳትነት የሚያዘጋጃቸውን የማርጊያ ፕሮቲኖች ማዳከም እንጂ ቀድሞ በደም ውስጥ ያሉትን ማጥፋት ስላልሆነ፣ ሌላው ደም ማቅጠኛ ሄፓሪን በደም ሥር እንደገባ ወዲያው ሲሠራ፣ የዋርፋሪን ሙሉ ኃይል የሚገለጠው ከአምስት ቀን ያህል በኋላ ነው።

ይህ ኃይል በዓይን ስለማይታይ አይኤንአር በተባለ ምርመራ ይለካል። ዘጠኝ እጅ ደም፣ አንድ እጅ ሲትሬት ባለበት ባለሰማያዊ ክዳን ብልቃጥ ይቀዳል፤ ሲትሬቱ ካልሲየሙን ይዞ መርጋቱን ሲያግድ፣ ደሙ በማሽን ተሽከርክሮ ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጥና ብጫው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል፤ በዚያም ላይ ትሮምቦፕላስቲንና ካልሲየም ሲጨመር፣ የጤነኛው በ12 ሴኮንድ ገደማ የሚረጋ ሲሆን፣ የታማሚው ምን ያህል እንደዘገየ ተሰልቶ ቁጥሩ ይወጣል። የጤነኛ ሰው ቁጥር 1 ገደማ ነው፤ መድኃኒቱን ከሚወስዱት ለአብዛኞቹ ከ2 እስከ 3፣ ሚትራል የተባለው የልብ ቫልቩ በሜካኒካል ለተተካ ከ2.5 እስከ 3.5 ይፈለጋል፤ ከዚህ ቢያንስ ደም ቫልቩ ላይ ሊረጋ፣ ቢበዛ አንጎል ውስጥ ሊፈስ ይችላል።

ቁጥሩም በአንድ ስፍራ የሚጸና አይደለም፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ዝቅ፣ ለአሜባ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ከፍ ያደርገዋል፤ በዐቢይ ጾም ጎመን የሚያዘወትር ምእመን ከቫይታሚን ኬ ብዛት የተነሣ የመድኃኒቱ ኃይል ይደክምበታል፣ ፋሲካ ደርሶ ጎመኑን ሲተው ደግሞ ይበረታበታል። ስለዚህ ሐኪሙ «ጎመን አትብላ» ብሎ ጾመኛውን ከማስጨነቅ ይልቅ፣ መጠኑን እንዳይለዋውጥ መክሮ፣ በጾሙ መያዣና መፍቻ ሰሞን እንዲለካ ቢያዝዘው ለነፍሱም ለሥጋውም ይበጃል።

አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ይህን ምርመራ አይሹምና ችግሩ በጊዜው ይቃለላል የሚል ቢኖር፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዳቢጋትራን በሜካኒካል ቫልቭ ላይ ሲፈተን የመርጋቱም የመድማቱም ጉዳት ስለበዛ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደቆመ ይወቅ። እንግዲህ የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ዋርፋሪን በሚሰጥ ሆስፒታል ሁሉ የምርመራው ሪኤጀንት እንዳያልቅ፣ ከዚያም አልፎ ከጣት ጫፍ በተወሰደ ጠብታ ደም የሚለካው ትንሽ መሣሪያ እስከ ወረዳ እንዲደርስ በጀት ሊመድቡ ይገባል፤ የሦስት ወር ክኒን ተቀብሎ ሳይለካ ወደ ቀዬው የሚመለስ በሽተኛ ታከመ አይባልምና።