በአየር የቆመ ድንኳን



በምንኖርበት በሚኒሶታ አንድ ጎረቤታችን በጓሮው ያለውን የመዋኛ ገንዳ በበረዶው ወራት በፕላስቲክ ድንኳን ይሸፍናል። ድንኳኑ ምሰሶ የለውም፤ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ማራገቢያ በሚነፋው አየር ብቻ ይቆማል። አምና ለሁለት ሳምንት ሲሄድ አደራውን ለእኔ ሰጠኝ። “በረዶ ሲጥል የአየሩን ግፊት ጨምር፤ የተከመረውን በለስላሳ መጥረጊያ አውርድ፤ አካፋ አታስነካው፤ ማራገቢያው አየር የሚስብበትን ቀዳዳ በረዶ እንዳይደፍነው ተመልከት” አለኝ።

መጀመሪያ በየቀኑ ተመላለስሁ። ኋላ ግን ቀጥ ብሎ መቆሙን ሳይ ተዘናጋሁ። አንድ ሌሊት በረዶው ሲጥል አደረ። ጠዋት ስደርስ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ድንኳኑ ከነበረዶው ውኃው ላይ ተኝቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2010 በሚኒያፖሊስ በአየር የቆመው የሜትሮዶም ስታዲየም ጣሪያም በበረዶ ክብደት ተቀድዶ ወድቋል።

እኔ ግን ቤቴን አሰብሁ። ከባለቤቴ ጋር በተለያየ ፈረቃ መሥራት ከጀመርን ወዲህ የማታው የቤተሰብ ጸሎት ቀርቶ ነበር። ቤቱ ቆሞ ስለ ታየን አልደነገጥንም። ጳውሎስ በኤፌሶን 5፥18 በመንፈስ ስለ መሞላት ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ግስ ሳይቋረጥ የሚቀጥልን ነገር ያመለክታል። የትናንቱ መሞላት ለዛሬ በረዶ አይበቃም።

ጎረቤቴን ይቅርታ ጠይቄ ድንኳኑን አብረን አቆምን። በቤታችንም ፈረቃችን በሚገናኝበት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ለአሥር ደቂቃ አብረን እንጸልያለን። ልጆቹ አንዳንዴ ያንቀላፋሉ፤ ቢሆንም አላቋረጥንም።

በእናንተስ ቤት ማራገቢያው እየሠራ ነው? ጌታ ይባርካችሁ።