የመከነው አበባ እንጂ ዘሩ አይደለም

በደሃና ቆላማ ቀበሌዎች ማሽላ የሚዘራ ገበሬ የዘሩ ባለቤት ራሱ ነው። በመኸር ጊዜ ማሳውን ዞሮ ያማረውን የማሽላ ራስ ይመርጣል፤ ለይቶም ለከርሞ ያቆየዋል። ዝናብ ዘግይቶ በሚገባበትና ቀድሞ በሚወጣበት በዋግ ኽምራ ምድር ይህ ልማድ የሕይወት ዋስትና ሆኖ ኖሯል። እንዲህ ላለው ገበሬ ስለ ዲቃላ ዘር ሲወራለት ሁለት ነገር ይሰማል፤ አንዱ ምርት የሚያትረፈርፍ መሆኑን፣ ሌላው ደግሞ «የመከነ» መሆኑን። በእኛ እምነት ሁለቱም አባባሎች ግማሽ እውነት ናቸው። ግማሽ እውነት ደግሞ ለገበሬ ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

«የፊዚክስ መምህራንን ስለ ማሽላ ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባን ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

የማሽላ አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍሎችን አንድ ላይ ስለሚይዝ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ሁለት ዝርያዎችን በሰፊ ማሳ ለማዳቀል በአንድ ራስ ላይ ካሉት እጅግ ብዙ ጥቃቅን አበቦች የወንዴውን ክፍል በእጅ መልቀም የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ብናኙ የመከነ፣ ሴቴ ክፍሉ ግን ጤነኛ የሆነ እናት ተክል ያስፈልጋል። በማሽላ ይህ ዘዴ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1954 ስቲቨንስና ሆላንድ በተባሉ ተመራማሪዎች ነው።

መካንነቱ የሚመነጨው ከሚቶኮንድሪያ ነው። በሚቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ግራና ቀኝ 150 ሚሊቮልት ገደማ የሆነ የቮልቴጅ ልዩነት አለ። ሽፋኑ ግን ከ5 እስከ 7 ናኖሜትር ብቻ ስለሚወፍር ይህ በሜትር ከ20 ሚሊዮን ቮልት በላይ የሆነ መስክ ማለት ነው። ደረቅ አየር እንኳ በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስ የእሳት ብልጭታ ያሳልፋል። ህዋሱ ኃይሉን የሚያመነጨው በዚህ መስክ ነው። ብናኙን የሚመግበው ስስ የህዋሳት ሽፋን፣ ታፔተም የሚባለው፣ በዚያ ወቅት ከሌላው የተክሉ ክፍል እጅግ የበዛ ኃይል ይፈልጋል። በበቆሎ እንደታየው በሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ውስጥ የዘረመል ቁርጥራጮች ተገጣጥመው ዩአርኤፍ13 የሚባል እንግዳ ፕሮቲን ሲፈጠር ይህ ፕሮቲን በዚያው ሽፋን ላይ ይሰካል። ቅጠልና ሥሩ ጉዳቱን ይችሉታል፤ ታፔተም ግን ይሞታል፤ ብናኙም አብሮ ይመክናል።

መድኃኒቱ ያለው በኒውክለስ ውስጥ ነው። ከአባት ተክሉ የሚመጣው ሻሪ ዘረመል ጉዳቱን ያስቀራል። በማሽላ እ.ኤ.አ. በ2005 የተለየው አንዱ ሻሪ ዘረመል ፒፒአር ከሚባሉትና የሚቶኮንድሪያን አርኤንኤ ከሚቆጣጠሩት ፕሮቲኖች ወገን ነው። እንግዲህ ገበሬው የሚገዛው ዘር መካን አይደለም፤ ይበቅላል፣ ያብባል፣ ያፈራል። ከዚያ ምርት መልሶ ሲዘራ ግን ቁመቱም የመድረሻ ጊዜውም ይዘበራረቃል። ሻሪው ዘረመል አንድ ብቻ ከሆነ ከአራት ተክል አንዱ ገደማ ብናኝ አልባ ይሆናል። ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ከተዘራው በቆሎ 85 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት፣ ቴክሳስ የተባለውን ሳይቶፕላዝም የተሸከመ ነበር። የአንድ ሻጋታ መርዝ ያንኑ ዩአርኤፍ13 አግኝቶ የሚቶኮንድሪያውን ሽፋን በሳው፤ ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ገደማ ጠፋ። በአንድ እናት ላይ የተንጠለጠለ ማሳ በአንድ በሽታ ይወድቃል።

ይህን የምንለው ዲቃላን ለመንቀፍ አይደለም። አገራችን ያፈራቻቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ያዳቀሉት ሐጊን ዱራ-1 የተባለው ድርቅ ቻይ ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሱዳን ገበሬዎች ተለቋል፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት በእኛም አገር ኢኤስኤች-1 እና ኢኤስኤች-2 የተባሉ ዲቃላ ማሽላዎች ተለቀዋል። የእኛ አቋም ግን ይህ ነው፦ ዝናብ በሚያጥርበት አገር ዘር በየዓመቱ ግዛ የሚባል ገበሬ ዘሩ በወቅቱ መድረሱ ካልተረጋገጠለት የራሱን ዘር መጣል የለበትም። ዲቃላ ከነባሩ ጎን ይዘራ እንጂ ነባሩን አያጥፋ። እናትና አባት ተክሎችም ድርቁን ለዘመናት ከለመዱት ከዋግ ማሽላዎች ጭምር ይፈለጉ፤ ለዚህም ሰቆጣ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አላት።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ባዮሎጂን ብቻ የተማረ አይሆንም፤ ቮልትን ከናኖሜትር ጋር ማካፈል የሚችልም ያስፈልጋል። ዋግ ኽምራ ተወልዳችሁ በዚህ ፋኩልቲ የምትማሩ ደግሞ ለክረምት ወደ ቤት ስትመለሱ ወላጆቻችሁ የትኛውን የማሽላ ራስ ለዘር እንደሚመርጡና ለምን እንደሚመርጡ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት። ምርምሩ ከዚያ ይጀምራል።