ባትማንን ማን አሳደገው?

የዚህ ወር ወጋችን ፊልም በሚወደድበት ቤት ሁሉ ስለሚነሳ ክርክር ነው። ከባትማኖቹ ማን ይበልጣል? ከጆከሮቹስ?

በአንድ ሳሎን ውስጥ እንኳ መልሱ አንድ አይሆንም። አባት በቪዲዮ ካሴት ዘመን ያየውን የማይክል ኪተንን ባትማንና የጃክ ኒኮልሰንን ጆከር ይመርጣል። "ዘ ዳርክ ናይት"ን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየገለበጥን ያየን የእኔ እኩዮች ደግሞ ከሂዝ ሌጀር ወዲያ ጆከር የለም ባዮች ነን። ታዳጊዋ ልጅ የዋኪን ፊኒክስን ስም ትጠራለች። የሰባት ዓመቱ ትንሽ ልጅ የሚያውቀው በሌጎ የተሠራውንና የሚያስቀውን ባትማን ብቻ ነው። አራቱም ስለ አንድ ሰው የሚከራከሩ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በልባቸው የያዙት ሌላ ሌላ ሰው ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው አርማው ላይ ነው። የሌሊት ወፏ ያችው የሌሊት ወፍ ናት። በእሷ ስም የሚሸጠው ዕቃ ግን በየዘመኑ ተለውጧል። ባትማን በቦብ ኬንና በቢል ፊንገር ተፈጥሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕላዊ መጽሔት የወጣው በ1939 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጆከር በዓመቱ ተከተለ። ከ1966 እስከ 1968 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው የአዳም ዌስት ባትማን ቤተሰብ በአንድ ላይ ተቀምጦ የሚስቅበት ነበር። የዚያ ዘመኑ ጆከር ሴዛር ሮሜሮ "ጢሜን አልላጭም" በማለቱ ነጩን ቀለም በጢሙ ላይ ቀቡት፤ ልብ ብሎ ላየ ሰው ጢሙ ከቀለሙ ሥር ይታያል። የፈራው ልጅ ይኖራል ብዬ አልገምትም።

በ1989 ዳይሬክተሩ ቲም በርተን ጎታም ከተማን አጨለማት። በኮሜዲ ፊልሞች ይታወቅ የነበረው ማይክል ኪተን ባትማን ሊሆን ነው ሲባል አድናቂዎች ፊልሙን ሳያዩ የተቃውሞ ደብዳቤ በገፍ ላኩ። ፊልሙ ሲወጣ ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ለወጡ። ሂዝ ሌጀር ጆከርን፣ ሮበርት ፓቲንሰን ደግሞ ባትማንን እንደሚጫወቱ በተነገረ ጊዜም ያው ጥርጣሬ ተደገመ። ሌጀር ፊልሙ ከመውጣቱ ከወራት በፊት፣ በጥር 2008 አረፈ። በዓመቱ የኦስካር ሽልማቱን ቤተሰቦቹ ተቀበሉለት።

ለወላጅ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው የ1992ቱ ታሪክ ነው። "ባትማን ሪተርንስ" ሲወጣ ማክዶናልድስ ከልጆች ምግብ ጋር የፊልሙን መጫወቻዎች ያድል ነበር። ልጆቻቸውን ይዘው ሲኒማ የገቡ ወላጆች ያገኙት ግን ከአፉ ጥቁር ፈሳሽ የሚፈስስ፣ ሰው አፍንጫ የሚነክስ ፔንግዊን ነው። ቅሬታው በረታ። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮው ዳይሬክተር ቀየረ፤ ፊልሞቹም ቀለማቸው እየደመቀ፣ ቀልዳቸው እየበዛ ሄደ። የ1997ቱ "ባትማን ኤንድ ሮቢን" ክፉኛ ተተችቶ ባትማን እስከ 2005 ድረስ ከሲኒማ ጠፋ። በእኛ ሙያ ቋንቋ አንድን ብራንድ ለስድስት ዓመት ልጅም ለሠላሳ ዓመት ጎልማሳም በአንድ ጊዜ እንሽጥ ሲሉ የመጣ ጣጣ ነበር። ጣጣው ዛሬም አላለቀም። ልጃችሁ "ባትማን ልይ" ሲላችሁ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ለተለያየ ዕድሜ የተሠሩ ከደርዘን የማያንሱ ነገሮች አሉ።

አድናቂዎች ሲያነጻጽሩ ድምፅን፣ አለባበስን፣ የጆከርን ሳቅ ነው የሚያነሱት። ደስ የሚል ክርክር ነው፤ እኔም እሳተፍበታለሁ። ልጆች ላሉት ቤት ግን ሌላ ማነጻጸሪያ ላቅርብ።

የባትማን ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ቤተሰብ ነው። አባት፣ እናትና ትንሹ ብሩስ ዌይን አምሽተው ከትርኢት ሲመለሱ በአንድ ጨለማ መንገድ ላይ ወላጆቹ በልጁ ፊት ይገደላሉ። ይህ ትዕይንት በየፊልሙ ይደጋገማል፤ ገዳዩ ግን ይለያያል። በ1989ኙ ፊልም የገደላቸው ያው በኋላ ጆከር የሚሆነው ወንበዴ ነው፤ ስለዚህ ክፋት ፊት አለው፣ ሊበቀሉትም ይቻላል። በ2005ቱ "ባትማን ቢጊንስ" ገዳዩ ኑሮ በከበደባት ከተማ የሚኖር አንድ ተራ ቀማኛ ነው። በ2019ኙ "ጆከር" ደግሞ ከረብሻው መሃል የወጣ፣ የቀልደኛ ጭንብል ያጠለቀና ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። መንገዱ ያው፣ ልጁም ያው ሆኖ ሳለ ሦስቱ ፊልሞች ስለ ክፋት ምንጭ የሚሉት የተለያየ ነው።

አሁን ወደ ባላንጣዎቹ እንምጣ። እኛ ሀገር ምግባረ ብልሹን ሰው "አሳዳጊ የበደለው" እንለዋለን። ይህን አባባል ይዛችሁ ፊልሞቹን እንደገና ብታዩ ሳታስቡት የምታገኙት ነገር አለ። ዳኒ ዴቪቶ የተጫወተው የ1992ቱ ፔንግዊን መልኩ ስላስጠላቸው የገዛ ወላጆቹ በገና ሌሊት ውኃ ውስጥ የጣሉት ሕፃን ነበር። የ2019ኙ ጆከር፣ አርተር ፍሌክ፣ በልጅነቱ ቤት ውስጥ ተደብድቧል፤ እናቱም አላስጣለችውም። ፖል ዴኖ የተጫወተው የ2022ቱ ሪድለር ያደገው በጎታም የሙት ልጆች ማሳደጊያ፣ በብርድና በርሃብ ነው። ቂሙም በብሩስ ዌይን ላይ ነው። ሁለቱም ወላጅ አልባ ሆነው ሳለ ከተማው ያለቀሰው ለሀብታሙ ልጅ ብቻ ነበር። ሪድለር የሚሠራው ሥራ አረመኔያዊ ነው፤ ይህን ጥያቄውን ግን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም።

ብሩስስ? እሱም ቁስለኛ ነው። ሌሊት ሌሊት ጭንብል አጥልቆ ሰው የሚደበድብ ሰው ጤነኛ ነው ብሎ የሚከራከር አድናቂ አላጋጠመኝም። ሀብት አለው፤ ከሀብቱ በላይ ደግሞ አልፍሬድ አለው። አልፍሬድ የቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ ልጁን ያሳደገው እሱ ነው። ከ1989 እስከ 1997 በወጡት አራት ፊልሞች ባትማንን ሦስት ተዋናዮች ሲፈራረቁበት አልፍሬድን የተጫወተው ግን ያው ማይክል ጎፍ ነበር። በኖላን ሦስት ፊልሞች ማይክል ኬን ሆነ። በ2022ቱ "ዘ ባትማን" ደግሞ በአንዲ ሰርኪስ የተተካው አልፍሬድ ለብሩስ በተላከ ቦምብ ቆስሎ ሆስፒታል ይተኛል። እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ የሚቆጨው ልጁን መዋጋት ቢያስተምረውም የሚያስፈልገው አባት ሊሆነው አለመቻሉ ነው። ብሩስ እጁን ይይዘዋል። ሦስት ሰዓት በሚፈጀው ፊልም ውስጥ ድብድብ የሌለበት ይህ ትዕይንት ከሁሉም በላይ አብሮኝ ቆይቷል።

"ታዲያ ክፉ ሰው ሁሉ አሳዳጊ የበደለው ነው ልትይን ነው?" እንዳትሉኝ። ለዚህ መልሱ ራሱ የሌጀር ጆከር ዘንድ አለ። በ"ዘ ዳርክ ናይት" ውስጥ ፊቱ ላይ ስላለው ጠባሳ ሁለት ጊዜ ይተርካል። መጀመሪያ ሰካራም አባቴ ነው የቆረጠኝ ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ለባለቤቴ ስል ራሴ ቆረጥኩት ይላል። ሁለቱ አይገጣጠሙም። የልጅነት በደል እንዴት ለሰው ማዘናጊያ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነው። ያለ ወላጅ አድገው ለወግ ለማዕረግ የበቁ፣ ለሌላውም የተረፉ ሰዎች በየቤተሰባችን አሉ፤ በተቃራኒው ምንም ሳይጎድልበት አድጎ የሚበድልም አለ። አስተዳደግ ሰውን ያስረዳል እንጂ ነጻ አያወጣም። የ2019ኙን "ጆከር" ለታዳጊ ልጅ ብቻውን መተው የሚከብደኝም ለዚህ ነው። ፊልሙ ለአርተር እንድናዝን ያደርጋል፤ ማዘኑ መልካም ነው። ከሐዘኑ በኋላ ግን ያ ሰው ሰው ይገድላል። "ያሳዝናል" በሚለውና "ልክ ነው" በሚለው መካከል ያለውን ድንበር ልጅ ብቻውን ያገኘዋል ማለት ያስቸግራል፤ አጠገቡ ትልቅ ሰው ቢኖር ይሻላል።

እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ "ባትማን" ሲባል "የቱ?" ብላችሁ ጠይቁ። የአሜሪካ የፊልም ደረጃ ምልክቶች ይረዳሉ። የ2017ቱ "ዘ ሌጎ ባትማን ሙቪ" "ፒጂ" ነው፤ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ለማየት ይመቻል። የኪተን፣ የቤልና የፓቲንሰን ባትማኖች "ፒጂ 13" ናቸው፤ ትርጉሙም ከ13 ዓመት በታች ላሉ የማይመች ነገር ሊኖርበት ስለሚችል ወላጅ ይጠንቀቅ ማለት ነው። የ2019ኙ "ጆከር" "አር" ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲኒማ ገብቶ የሚያየው ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ብቻ ነው። እኛ ቤት ግን ዲሹም ስልኩም በር ላይ ቆሞ ዕድሜ አይጠይቅም። በር ጠባቂው እናንተው ናችሁ።

ሁለተኛ፣ ደረጃውን ብቻ አትመኑ፤ ባላንጣው ማን እንደሆነም እዩ። "ዘ ዳርክ ናይት" እና "ባትማን ኤንድ ሮቢን" ሁለቱም "ፒጂ 13" ናቸው። አንደኛው ልጅን እንቅልፍ ይነሳል፤ ሁለተኛው ትልቁን ሰው እንቅልፍ ያስወስዳል። ጨዋታዬን ይቅር በሉኝና፣ የልጃችሁን ሆድ የምታውቁት እናንተ እንጂ የፊልም ደረጃ አውጪው አይደለም።

ሦስተኛ፣ ክርክሩን አትዝጉት፣ ግቡበት። "ማን ይበልጣል?" ሲባል የራሳችሁን ምርጫ ተናገሩና ቀጥላችሁ "ይሄ ሰውዬ ልጅ ሳለ ማን ነበረው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለትልልቆቹ ደግሞ የ"ዘ ዳርክ ናይት"ን ሁለት ጀልባዎች አንሱ። ጆከር በሁለት ጀልባ ላይ ፈንጂ አጥምዶ፣ የአንዱን ማፈንዣ ለሌላው ሰጥቶ፣ ቀድሞ ያላፈነዳ እንደሚጠፋ ይነግራቸዋል። አንደኛው ጀልባ እስረኞችን፣ ሌላው ተራ ዜጎችን ጭኗል። በመጨረሻ አንዳቸውም አያፈነዱም። "እናንተ ብትሆኑስ?" ለሚለው ጥያቄ ከ14 ዓመት ልጅ አፍ የምትሰሙት መልስ ከትምህርት ቤት ካርዱ የማታገኙትን ነገር ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሞቹ ሲቀጥሉ ያ ያደገው ልጅ በተራው አሳዳጊ ይሆናል። በ1995ቱ "ባትማን ፎርኤቨር" ቤተሰቡ የተገደለበትን ወጣት ሮቢንን ቤቱ ያስገባዋል። በሌጎው ፊልም እንደገና ቤተሰብ ማግኘትን የሚፈራው ባትማን ሳያስበው የልጅ አባት ይሆናል። በ2012ቱ "ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ" መጨረሻ ላይ ደግሞ ትልቁ የዌይን መኖሪያ ቤት ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ማሳደጊያ ይሆናል። የእህት የወንድም ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ ያሳደጋችሁ ወይም በማሳደግ ላይ ያላችሁ አንባቢያን ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የባትማን ቦርሳ፣ የጆከር ቲሸርት በየሱቁ ሞልቷል። አልፍሬድ የታተመበት ቦርሳ ግን እስካሁን አላየሁም፤ እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያ ስናገር አይሸጥም። በዚህ ወር ከልጆቻችሁ ጋር አንዱን ፊልም ስታዩ ግን እሱንም ልብ በሉት። ማን እንደበለጠ ተከራክራችሁ ስትጨርሱ የቤታችሁን ፍርድ ላኩልኝ። የሌጀር ወገን ከሆናችሁ ደግሞ ከእኔ ጋር ናችሁ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።