በዓለ ቁስቋምና የሰሊጥ ወራት መንገድ

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በየእሑዱ ሌሊት ሲቆም የሰነበተው ማኅሌተ ጽጌ ተፈጽሞ፣ እነሆ የኅዳር 6 ቀን በዓለ ቁስቋም ደርሷል። ወቅቱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት በመሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የመንገደኞች ወራት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ነበሩ። በእቴጌይቱ አገር ዛሬ በዓሉ የሚውለው በሰሊጥ አጨዳ መካከል ነው። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ፣ በብዙ ሺህ እየሆነ ወደ መተማና ወደ ቋራ የሚገባው በአንድ ሰሞን ነው።

ከጎንደር በአይከል በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውኃ ሲደርስ አንዱ ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ድንበር፣ ሌላው በሽንፋ አድርጎ ወደ ገለጉ ያመራል። ሠራተኛውን ወደየእርሻው የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ አውቶቡስ ሳይሆን ትራክተር የሚጎትተው ተሳቢ ነው። ስንቅ፣ ማጭድ፣ ጀሪካንና ሰው በአንድነት ይጫናሉ። ተሳቢው አብዛኛውን ጊዜ የኋላ መብራት የለውም፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙ አይዘልም። በዚያው መንገድ ሰሊጥ የጫነው ከባድ መኪና ከነተሳቢው ይመጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ በጨለማ ከፊቱ ያለውን ለይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ መያዝ ሳይጀምር 34 ሜትር ያህል አልፏል ማለት ነው።

የከባድ መኪናው ሾፌር ትራክተሩ መሐል መንገድ ይዞ አላሳልፍ አለኝ ሲል ያማርራል። የትራክተሩ ነጂም በጡሩምባ እያስደነገጠ ወደ ቦይ ሊጥለኝ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ዳሩ ግን እውነታቸው እኩል አይደለም። የአንዱ ጭነት ጆንያ ነው፤ የሌላው ጭነት ሰው ነው።

የአብርሃምና የሎጥ እረኞች በግጦሽ በተጣሉ ጊዜ ምድሪቱ ለሁለቱ አልበቃችም ነበር። አብርሃም አጎትና ታላቅ ሲሆን ተስፋውም የተሰጠው ለእርሱ ሆኖ ሳለ፣ ቀድሞ እንዲመርጥ ያደረገው ሎጥን ነው። በመንገድም ላይ ቀድሞ መታገሥ የሚገባው ጉልበት ያለው ነው ብለን እናምናለን። ከኋላ የደረሰ ባለ ተሳቢ መኪና ፊቱ ግልጽ የሆነ ስፍራ እስኪያገኝ ድረስ በርቀት መከተል ይኖርበታል። ትራክተረኛውም ከኋላው መኪና መሰለፉን ሲያይ ጥግ ይዞ ማሳለፍ ግዴታው ነው። ሕዝባችን ሲኖትራኩን ‹‹ቀይ ሽብር››፣ አይሱዙውን ‹‹አልቃይዳ›› ብሎ መሰየሙ በቀልድ ብቻ አይደለም። ስሙ የወጣው ለመኪናው ቢሆንም፣ ማንን ማለቱ እንደ ሆነ ሾፌሮቻችን አይስቱትም።

ከባዱ ወቀሳ ግን የሚያርፈው በመንገዱ ላይ በማይታዩት ሰዎች ላይ ነው። ሰውን በጭነት ላይ ማሳፈር በትራፊክ ደንብ የተከለከለ መሆኑን ባለ እርሻው ያውቃል። ለተሳቢው የኋላ መብራትና አንጸባራቂ የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለው፣ ትራክተሩን የገዛው በምን ነበር? ሌሊቱን ነድተህ ግባ እያለ እንቅልፍ ያጣውን ሾፌር በስልክ የሚያጣድፈው ነጋዴስ? በግዕዝ ነጋዲ ማለት መንገደኛ፣ እንግዳ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ነጋድያን ስትጸልይ ትርፍ የሚያሰላውን ብቻ ሳይሆን፣ በተሳቢው ጠርዝ ላይ ማጭዱን ታቅፎ የተቀመጠውን ሳሉግ ጭምር ታስባለች።

በአካባቢው የሚያጋጥመው የጸጥታ ችግር ሾፌሮች በመንገድ ላይ ቆመው የተበላሸ ትራክተር እንዳይረዱ እንደሚያስፈራቸው አይጠፋንም። ለምን አልቆማችሁም ብለን አንፈርድባቸውም። ፍጥነት መቀነስ ግን መቆም አይደለም፤ ትራክተር በጨለማ መንገድ ዘግቶ መቆሙን በሚቀጥለው ኬላ መናገርም ማንንም አያዘገይም።

በበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ የሚወጣው ምዕመን ነጭ ለብሶ በቀን ስለሚሄድ ከሩቅ ይታያል። በዓሉን በከተማ አክብሮ ሲመሽ በተሳቢ ወደ እርሻ የሚመለሰው ሠራተኛ ግን አይታይም። ስለሆነም ባለ እርሻዎች ሠራተኞቻቸውን ኅዳር 6 ቀን ማታ ሳይሆን ኅዳር 7 ቀን ከነጋ በኋላ እንዲመልሱ፣ የየአጥቢያው ካህናትም ይህንኑ ሕዝቡ ከመሰናበቱ በፊት በዐውደ ምሕረት እንዲያስታውቁልን እንጠይቃለን።