የአዋጁን በጆሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አበው «የአዋጁን በጆሮ» ብለው የተረቱት፣ ነጋሪት ተጎስሞ በአደባባይ የተነገረውን ነገር ምሥጢር አስመስሎ በጆሮ ለሚያንሾካሹክ ሰው ነው። ተወዳጆች ሆይ፣ ይህ ተረት ዛሬ በእኛ ላይ ደርሷል። መንግሥት ያወጣው ሕግ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፣ በምናነብበው ፊደል ታትሞ ተቀምጦ ሳለ፣ እኛ ስለዚያው ሕግ የምናውቀው ከቅዳሴ በኋላ በዐጸዱ ጥግ የሰማነውን፣ አለዚያም ማን እንደጻፈው ሳይታወቅ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈውን ብቻ ሆኗል። ሲነግሩን እንደነግጣለን፤ ደንግጠን ለሌላው እናስተላልፋለን፤ በማግሥቱ ሌላ ወሬ ሲመጣ የትናንቱን እንረሳለን። ምንጩን ገልጦ ያየ ግን ከመካከላችን እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። የሀገሩን አዋጅ፣ ሹመትና ማስታወቂያ ሳያነብ በወሬ የሚኖር ክርስቲያን፣ ይህን ያደረገው ከዓለም ስለ ራቀ አይደለም፤ ቸል ስላለ ነው። የቸልተኝነቱንም ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑም አብረው ይከፍላሉ።

ቀድሞ አዋጅ ይነገር የነበረው ሕዝብ በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን፣ በአደባባይ፣ ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። አዋጅ ነጋሪውም የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ አደራ ይል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ ገበሬው ከእርሻው፣ ካህኑ ከደብሩ ተነሥቶ ወደ ዐድዋ የተጓዘው ይህን ድምፅ ሰምቶ ነው። ከጊዜ በኋላ ነጋሪቱ ወደ ወረቀት ተሻገረ። በመጋቢት 1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት» መባሉም ስለዚህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ደግሞ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ፤ የፌዴራል መንግሥት ሕጎች በዚህ ጋዜጣ እንዲወጡ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተሙ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝም የአማርኛው እንዲጸና ተደነገገ። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው፤ የአማራ ክልል «ዝክረ ሕግ»፣ የኦሮሚያ ደግሞ «መገለታ ኦሮሚያ» ይባላል። እንግዲህ አማርኛ የሚያነብ ወጣት «በማላውቀው ቋንቋ ተጻፈብኝ» የሚል ምክንያት የለውም።

«ይህ የዓለም ነገር ነው፤ ለእኛ መዝሙሩና ጾም ጸሎቱ ይበቃናል» የሚል ድምፅ በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ይሰማል። ቃሉ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ቅዱሳት መጻሕፍት አይመሰክሩለትም። ከምርኮ የተመለሱት አይሁድ ቤተ መቅደሱን ሲሠሩ፣ የወንዝ ማዶው ገዥ መጥቶ ይህን እንዲሠሩ ማን እንደፈቀደላቸው ጠየቀ (ዕዝ. 5፥3)። ሽማግሌዎቹ የሰማይና የምድር አምላክ ባሪያዎች መሆናቸውን ተናገሩ፤ በዚያ ብቻ ግን አላቆሙም። ያዘዘውን ንጉሥ በስሙ፣ ያዘዘበትን ጊዜ በዓመቱ ጠቅሰው ቂሮስ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት የወጣ ትእዛዝ እንዳለ አስረዱ። ዳርዮስ መዝገብ ቤቱን አስመረመረ፤ ጥቅልሉም በአሕምታ ተገኘ። የቤቱ ቁመት 60 ክንድ፣ ወርዱም 60 ክንድ እንዲሆን ሳይቀር ተጽፎበት ነበር (ዕዝ. 6፥1-3)። ሥራው ቀጠለ፤ ወጪውም ከንጉሡ ግብር እንዲከፈል ታዘዘ። ልብ እንበል፤ በዚያ ዘመን ነቢያቱ ሐጌና ዘካርያስ ሕዝቡን ያበረቱ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም አዋጁን ያውቁ ነበር። ትንቢቱና ሰነዱ አልተጣሉም።

በአይሁድ ላይ የጥፋት አዋጅ በወጣ ጊዜም መርዶክዮስ ማቅ ለብሶ አለቀሰ፤ ከልቅሶው ጋር ግን የአዋጁን ግልባጭ ለአስቴር ላከላት (አስ. 4፥8)። የላከላት የሰማውን ወሬ አልነበረም፤ የተጻፈውን ቃል ነበር። ነቢዩ ዳንኤል ወደ ሰገነቱ ወጥቶ የጸለየው የትእዛዙን መጻፍ ካወቀ በኋላ ነው (ዳን. 6፥10)። ቅዱስ ጳውሎስም የሮም ዜጋ ያለ ፍርድ እንዳይገረፍ ሕጉ እንደሚከለክል ዐውቆ በፊልጵስዩስም በኢየሩሳሌምም መብቱን ጠየቀ (ሐዋ. 16፥37፤ 22፥25)፤ ኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ሐዋርያው ሕጉን ባያውቅ ኖሮ በምን ይከራከር ነበር?

የእኛም ሊቃውንት ከዚህ መንገድ አልወጡም። ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጾች አሉት፤ 22ቱ መንፈሳዊውን፣ 29ኙ ሥጋዊውን ሥርዓት የሚመለከቱ ናቸው። ስለ ጥምቀትና ስለ ክህነት የሚናገረው መጽሐፍ ስለ ብድር፣ ስለ ውርስና ስለ ግዢ ሽያጭም ይናገራል። የመጻሕፍት መምህራን ሁለቱንም ክፍል ከነትርጓሜው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሕግ ማወቅ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ ሥራ ከሆነ፣ እንግዳ ያደረግነው እኛ ነን።

ወሬ በእኛ ላይ የሚሠለጥነው አንዱን ከአንዱ ስለማንለይ ነው። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ደግሞ የአስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ነው። ረቂቅ ገና ሕግ አይደለም፤ ከአንድ ጽሕፈት ቤት የወጣ ደብዳቤም አዋጅ አይደለም። እኛ ግን ማኅተም ያየንበትን ወረቀት ሁሉ «አዋጅ ወጣ» ብለን እናስተጋባለን። ማኅተም ዛሬ በስልክ እንደሚሠራ አናስብም። እንዲህ ያለ አንድ ሐሰተኛ ደብዳቤ በአንድ ሌሊት ሁለት ሰፈር ሊያጋጭ፣ የአንድን ሰው ስም ሊያጠፋ፣ ምእመናንን በሌለ ጉዳይ ከቤታቸው ሊያስወጣ ይችላል። በኦሪት ሐሰተኛ ወሬን መቀበልና ማዛመት የተከለከለው በሐሰት ከመመስከር ጋር አብሮ ነው (ዘፀ. 23፥1)። «እኔ አልጻፍኩትም፤ ያስተላለፍኩት ብቻ ነኝ» የሚለው መከላከያ በእግዚአብሔር ፊት አይቆምም። በምድርም ቢሆን የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዲህ ያለውን ስርጭት በወንጀል ያስጠይቃል። ይህን አዋጅ እንኳ ስንቶቻችን አንብበነዋል?

ከወሬው ጉዳት ይልቅ የዝምታው ይከፋል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታ በሚረጋገጥበት አካባቢ ባለይዞታዎች በማስታወቂያ እንዲጠሩ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ሥርዓት ሠርቷል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ለባለይዞታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚቀርብ የቅሬታ መብት ሰጥቷል። እስኪ አንድ አጥቢያ እናስብ። ማስታወቂያው በወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የሰበካ ጉባኤው አባላት በአጠገቡ ያልፋሉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ከጎኑ ቆመው ታክሲ ይጠብቃሉ። ማንም አያነብበውም። የቅሬታው ጊዜ ያልፋል። ከዚያ በኋላ አጥሩ ሲነካ ደወል ይደወላል፣ ዕንባ ይፈስሳል፣ ወጣቱም በቁጣ ይወጣል። ዕንባው እውነተኛ ነው፤ በደልም ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በጊዜው የቀረበ አንድ ገጽ ማመልከቻ ሊያደርገው የሚችለውን፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ የወጣ ሺህ ሰው ላያደርገው ይችላል። ለአባቶቻችን ርስት የምንቆረቆር ከሆነ መቆርቆራችን ከሰሌዳው ፊት ይጀምር።

ስለ ሹመትም እንናገር። የሹመት ዜና በተነገረ ጊዜ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የየት ሰው ነው? የማን ወገን ነው? ሃይማኖቱስ ምንድን ነው?» ብለን ነው። የእኛ ከሆነ እልል እንላለን፤ ካልሆነ እናጉረመርማለን። ምን ሊሠራ እንደተሾመ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። የእያንዳንዱ ሚኒስቴር ሥልጣንና ተግባር በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ተዘርዝሯል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለ ሥልጣንም እንዲጠየቅ ደንግጓል፤ በአንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን። የእኛ ሰው ተሹሞ ለእኛ እንዲያደላልን መመኘት፣ ነገ ሌላው ተሹሞ ለወገኑ ሲያደላ የምንቃወምበትን አንደበት ዛሬ መሸጥ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየሳቅን እንጠቅሰዋለን። ይህ ተረት የሌባ ምክር ነው፤ ከክርስቲያን አፍ ሊወጣ አይገባውም። በሐዋርያት ዘመን በቋንቋቸው ከሌሎቹ የሚለዩ መበለቶች በዕለቱ ምግብ ተዘነጋን ብለው ወገኖቻቸው ባጉረመረሙ ጊዜ፣ ሐዋርያቱ ነገሩን በማድላት አልፈቱትም። በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አዘዙ (ሐዋ. 6፥1-6)። ለማዕድ አገልግሎት ይህን ያህል መስፈርት ከተጠየቀ፣ የሚሊዮኖች እንጀራ በእጁ ለሚገባ ተሿሚ ወገንን ብቻ መጠየቅ ምን ዓይነት ክርስትና ነው?

አንድ ከባድ ተቃውሞ ቀርቷል። «አዋጁ በወረቀት ላይ መልካም ነው፤ ማን ያከብረዋል? ብናነብስ ምን ይለወጣል?» የሚሉ አሉ። ሐዘናቸው መሠረት አለው፤ የተጻፈው ሕግ ሁልጊዜ እንደማይፈጸም ሁላችንም የምናየው ነው። ነገር ግን ያልተነበበ ሕግ ሲጣስ እንኳ የሚያውቅለት የለውም። ጳውሎስ መብቱን የጠየቀው በነጻነት ተቀምጦ አልነበረም፤ ለግርፋት ከታሰረ በኋላ ነው። ቃሉንም የሰሙት አለቆች ፈሩ። ሕግን ጠቅሶ የሚናገር ሰው ባይሰማ እንኳ በዳዩ ሳያውቅ እንዳጠፋ ሊያስመስል አይችልም። ጩኸት ብቻ የያዘ ሰው ግን በቀላሉ «ሁከተኛ» ተብሎ ይታለፋል።

ባለ ሥልጣናትም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ከመሥሪያ ቤት በር ጀርባ ተለጥፎ በሦስተኛው ቀን የሚነሣ ማስታወቂያ ማስታወቂያ አይባልም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ይፋ አድርገው የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያዝዛል። የሚሠራበትን መመሪያ ለባለ ጉዳይ ለማሳየት የሚያቅማማ ሹም ይህን አዋጅ ይጥሳል። በጣዖት አምላኪው በአርጤክስስ ዘመን እንኳ ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ ላሉት 127 አገሮች አዋጅ ሲላክ ለየሕዝቡ በየቋንቋውና በየጽሕፈቱ ነበር (አስ. 8፥9)። ይሁን እንጂ የእነርሱ መሸሸግ ለእኛ አለማንበብ ምክንያት ሊሆነን አይችልም። አንባቢ ባለበት መሸሸግ ይከብዳል።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራው በእጃችን ነው። እያንዳንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት የነጋሪት ጋዜጣንና የወረዳውን ሰሌዳ የሚከታተሉ ሁለት ትጉሃን ይመድብ። ያነበቡትን በወር አንድ ጊዜ ለሰበካ ጉባኤውና ለምእመናን ያስረዱ። የቤተ ክርስቲያኑ የይዞታ ሰነዶች በሣጥን ሳይበታተኑ ተመዝግበው ይቀመጡ። የአዋጅ ቁጥርና ቀን የሌለውን «አዋጅ» ማንም አያስተላልፍ። ሹመት ሲሰማ የተሿሚው ወገን ሳይሆን ተግባሩ ይጠየቅ። ይህ የፓርቲ ሥራ አይደለም፤ የአንድም ቡድን ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ አያደርገንም። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት እንድንጸልይ አዝዞናል (1ጢሞ. 2፥1-2)፤ በየቅዳሴያችንም እንጸልያለን። የምንጸልይላቸው ሰዎች ምን እንዳወጁ ሳናውቅ የምንጸልየው ጸሎት ግን ግማሽ ጸሎት ነው።

ነጋሪቱ ተጎስሟል፤ ቃሉም ተጽፏል። በአደባባይ የተነገረውን በጆሮ ከመቀበል ወጥተን ያነበብን ላላነበበ እንድናነብብለት አምላከ ቅዱሳን ማስተዋሉን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።