ሰርክል በገመድ ወይስ በፎርሙላ?

እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና (እኛ ዛሬም ማትሪክ ነው የምንለው) የብዙ ቤተሰብ ተስፋ የተንጠለጠለበት ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዙር 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ስለዚህ ቁጥር ብዙ ተብሏል፤ ኩረጃ ስለቀረ ነው ያሉ አሉ፣ ድሮም ትምህርቱ የለም ያሉም አሉ። እኔ በበኩሌ ማንሳት የምፈልገው አንዲት ትንሽ ርዕስ ናት፤ የሰርክል ኢኩዌሽን። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፣ እኔን አንድ ጊዜ ጥላኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ እኅቴ ከሸዋሮቢት ደወለችልኝ። ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋሮቢት ሲደርስ ቤተሰቡ ከተማውን ለቆ ወጥቶ ስለነበር የዚያን ዓመት ትምህርቷ ተቆራርጧል፤ ከዚያ ወዲህም ትምህርት ሳይቋረጥ ያለፈ ዓመት የላትም። የሚያነባት ደብተር ሳይሆን ስልክ ነው ማለት ይቻላል።

«ጋሼ፣ ቴሌግራም ላይ አሪፍ ሾርትከት አገኘሁ» አለችኝ። «ታንጀንት ከመጣ ምንም መሥራት አያስፈልግም፤ ነጥቡን ምርጫዎቹ ውስጥ መክተት ነው፣ የተስማማው መልስ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። እኔም ሞዴል ፈተና ላይ የገባሁት ይችን ዘዴ ይዤ ነበር። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ዋይ ስኩዌር፣ ሲቀነስ 4 ኤክስ፣ ሲደመር 2 ዋይ፣ ሲቀነስ 20፣ እኩል ይሆናል 0። በዚህ ክብ ላይ ያለውን (5፣ 3) የሚነካው ታንጀንት የቱ ነው? ምርጫዎቹ፦

ኤ. 4ኤክስ − 3ዋይ = 11
ቢ. 3ኤክስ + 4ዋይ = 27
ሲ. 3ኤክስ − 4ዋይ = 3
ዲ. 4ኤክስ + 3ዋይ = 29

እስቲ 5ትንና 3ትን ክተቱባቸው። አራቱም ይስማማሉ! ጥያቄውን ያወጣው ሰው ሾርትከቷን ከኔ በፊት ያውቃታል ማለት ነው። ላብ በላብ ሆንኩ (የሸዋሮቢትን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ላቡ ከምን እንደመጣ ይከራከረኝ ይሆናል)፤ ካልኩሌተር የለ፣ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ኤን አጥቁሬ አለፍኩ። በኋላ ሳየው ኤ ዳሩን ነካ አድርጎ የሚያልፍ መስመር አይደለም፤ የክቡን መሐል ሰንጥቆ የሚሄደው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ አባታችንን ላንሳ። ቀወት ገጠር ውስጥ ማሽላና ማሾ የሚዘራ ሰው ነው፤ ፊደል ቆጥሯል እንጂ ኮኦርድኔት የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ጎጆ ሲቀልስ መሐል ላይ ችካል ይተክልና ገመድ ያስርበታል፣ ገመዱን ወጥሮ በጫፉ መሬቱን እየጫረ ይዞራል። በቃ፣ የሰርክል ኢኩዌሽን ማለት ይኸው ነው። ችካሉ ማዕከል፣ ገመዱ ሬዲየስ ነው፤ ኢኩዌሽኑ የሚለው «ከችካሉ ያለህ ርቀት ከገመዱ ጋር እኩል ነው» ብቻ ነው። ርቀቱ በፓይታጎረስ ስለሚለካ ነው ስኩዌሮቹ የመጡት።

ከላይ ያለውን ጥያቄ በገመድ እንየው። ኤክሶቹን ለብቻ ዋዮቹን ለብቻ ሰብስበን ስኩዌሩን ስንሞላ፣ በሁለቱም ወገን 4ና 1 ስንጨምር፣ (ኤክስ − 2) ስኩዌር ሲደመር (ዋይ + 1) ስኩዌር እኩል ይሆናል 25 ይመጣል። ችካሉ (2፣ −1) ላይ ነው፣ ገመዱ 5። በሽምደዳ የገባ ተማሪ ግን (−2፣ 1) ይላል፣ ወይም ሬዲየሱን 25 ያደርገዋል፤ ሁለቱም ስህተቶች አብዛኛውን ጊዜ ከምርጫዎቹ ውስጥ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ከችካሉ እስከ (5፣ 3) ለመድረስ 3 ወደ ቀኝ፣ 4 ወደ ላይ ነው። ገመዱ ቀጥ ያለ ዳገት ይወጣል፤ ታንጀንቱ ደግሞ ለገመዱ ቀጤ ነክ ስለሆነ ለስለስ ያለ ቁልቁለት መውረድ አለበት። ቁልቁለት የሚወርዱት ቢና ዲ ብቻ ናቸው። ዲ እንደ ጣርማ በር ነው፣ 3 በሄደ ቁጥር 4 ይወርዳል። ቢ 4 ሄዶ 3 ይወርዳል። መልሱ ቢ ነው። ሥዕሉን ለመሳል ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ሾርትከት ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። «ከሚከተሉት ነጥቦች ክቡ ላይ ያለው የቱ ነው?» ከተባለ እየከተቱ መሞከር ትክክለኛ ሒሳብ ነው፣ ሌላ መንገድ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። የኔ ቅሬታ ዘዴው የት እንደሚሠራ ሳይነገር መሰጠቱ ላይ ነው። «ሰዓት የለም፣ ሥዕሉ ይቆይ» የሚሉ አስጠኚዎች ገጥመውኛል። ነገ እኛም አስተማሪ ሆነን ይኼንኑ እንዳንል እሰጋለሁ፤ ምክንያቱም እኛም ያለፍነው በዚያው በር ነው፣ እዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ እንኳ ማዕከሉ ለምን ምልክቱን እንደሚቀይር ሲጠየቅ «ፎርሙላው ነዋ» የሚል ሞልቷል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በመሆኑ የቆላው ልጅ ችካልና ገመድ እያወቀ ሴንተርና ሬዲየስ ሲባል አዲስ ነገር ይመስለዋል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ለመንገር አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ለእኅቴ በስልክ የነገርኳት ይህንኑ ነው። «ታዲያ መጀመሪያ ችካሉን ልፈልግ?» አለች። አዎ አልኳት። ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ የወረቀቱን ፎቶ ላከችልኝ። ክቡ እንቁላል መስሏል፣ መስመሩም ትንሽ ተንጋዷል። ችካሉ ግን (2፣ −1) ላይ ነው፤ ከሥሩም «ሌላ ላክልኝ፣ ከባድ ይሁን» የሚል ተጽፎበታል።