ጨው፥ አንጀትና የደም ብዛት

ባለፈው ጥቅምት በሁሩሙ የሚኖሩትን አክስቴን ለመጠየቅ በሄድሁ ጊዜ እንደ ልማዳቸው ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። በኢሉባቦር ገጠር ቡናን በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራበት በነበረበት ዘመን ለእንግዳ ቡና ጨው መጨመር ትልቅ አክብሮት ሳይሆን አልቀረም፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

«አዳዳ፥ ኪኒኑን ይወስዳሉን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ እርሱንማ ከተውሁት ሁለት ወር ሆነኝ። የደም ብዛት የሚመጣው በአንጀት ውስጥ ካሉ ባክቴሪያዎች ነው ብሎ የልጅ ልጄ ነግሮኛል፤ አሁን እርጎ እጠጣለሁ፤ ራሴንም አያመኝም» አሉኝ።

በማግሥቱ ለምኜ ወስጄ ባስለካቸው ግፊቱ 178 በ104 ሆኖ ተገኘ። 140 በ90 የደረሰ ሁሉ ከፍተኛ እንደሚባል ካሰብነው ይህ እጅግ የሚያስፈራ ነው። ራስ አለማመሙም ምስክር አይሆንም፤ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ሳይሰማ የልብን፥ የአንጎልንና የኩላሊትን የደም ሥር የሚጎዳ ነውና።

ይሁን እንጂ ልጁ ፈጽሞ ዋሸ ለማለት አይቻልም። በትልቁ አንጀታችን እጅግ ብዙ ረቂቃን ተሕዋስያን ይኖራሉ። ሆዳችን ሊፈጨው የማይችለውን የእህልና የአትክልት አሰር እነርሱ አብላልተው ወደ ኮምጣጣ ነገር ይለውጡታል፤ ከዚህም አንዱ በአቼቶ ውስጥ ያለው ነው። ይህ ወደ ደም ገብቶ እስከ ኩላሊትና እስከ ደም ሥር ይደርሳል። በአይጦች ላይ እንደ ታየው እዚያ የሚቀበሉት ልዩ ልዩ ተቀባዮች አሉ፤ አንዱ ግፊቱን ከፍ ሲያደርግ ሌላው ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ነገሩ እንደ ወሬው ቀላል አይደለም።

በ2017 እ.ኤ.አ. የቻይና ሊቃውንት የ196 ሰዎችን የአንጀት ተሕዋስያን መርምረው የደም ብዛት ያለባቸው ሰዎች ተሕዋስያን ዓይነታቸው ያነሰ ሆኖ አገኙ። ደግሞም ከታማሚዎቹ ሰገራ ወስደው ተሕዋስያን በሌላቸው አይጦች ሆድ ቢያስገቡ የአይጦቹ ግፊት ከፍ አለ። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር የሚሠሩ ሊቃውንት ጨው የበዛበት ምግብ ከእርጎ ባክቴሪያ ወገን የሆነውን አንዱን ዓይነት በአይጦች አንጀት ውስጥ እንደሚቀንስ ገለጡ፤ ያንኑ ለአይጦቹ መልሰው ቢሰጧቸው ግፊቱ ቀለል አለ። ጥቂት ጤነኛ ወንዶችም ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ 6 ግራም ጨው ቢጨመርላቸው ግፊታቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። የእርጎው ወሬ ከዚህ የተወለደ ይመስለኛል። በጽሕፈት ሥራዬ እንደ ለመድሁት ግን የምስክሮቹን ቍጥር ልብ ማለት ይገባል፤ ከምስክሮቹ የሚበዙት አይጦች ናቸው። ከዚህም በላይ ወሬው እርጎውን ይዞ ጨውን ረሳ፤ አክስቴም እርጎውን እየጠጡ ቡናውን በጨው ቀጠሉ።

በ2023 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ሊቃውንት ያወጡት ደግሞ ለእኛ ለበቆሎ አገር ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። ከበቆሎ ስታርች በልዩ ጥበብ የተዘጋጀና ተሕዋስያኑን የሚመግብ ዱቄት ለ20 ያህል ታማሚዎች ለሦስት ሳምንት ተሰጥቶ የላይኛው ግፊት በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀነሰ። ይህ ግን የእኛ ገንፎ አይደለም፤ የሰዎቹም ቍጥር ጥቂት ነው።

ስለ እንጀራም የጠየቁኝ አሉ። እርሾው ሊጡን ቢያቦካውም ተሕዋስያኑ በምጣዱ ግለት ያልቃሉ፤ ስለዚህ እንጀራ ሕያዋን ተሕዋስያን አያመጣልንም። የጤፉ አሰር ግን አንጀት ደርሶ በዚያ ላሉት ቀለብ ይሆናል። ጎመን፥ ባቄላ፥ አንጮቴም እንዲሁ ናቸው፤ ጨው ካልበዛባቸው።

በአገራችን በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል፤ አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨውም በአማካይ ከ8 ግራም ያልፍ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ሲሆን፥ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ አይሞላም።

ሐኪሙ ለአክስቴ የነገራቸው አጭር ነበር፤ ኪኒኑን ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይተዉ፥ ጨው እንዲቀንሱ፥ እርጎውን ግን ቢወዱት እንዲጠጡ። ስለ ኪኒኑ እሺ አሉ። ስለ ቡናው ግን እስከ ማታ ተከራከርን። በመጨረሻ ቶናውና በረካው ያለ ጨው እንዲሆኑ ተስማምተን፥ ስለ አቦሉ ክርክሩ ለሚቀጥለው ጉዞዬ ተቀጠረ። ያለ ጨው የተቀዳውን የመጀመሪያ ስኒ ቀምሰው፥ «ይህስ ውሃ ነው» አሉና ለልጅ ልጃቸው አቀበሉት።